ከአዋጅ እስከ ቀበሌው መስኮት፦ የፐብሊክ ፖሊሲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በቀበሌ ቤት ምሳሌ ሲታይ

በአዲስ አበባ መሐል በአንድ የቀበሌ ቤት ውስጥ የሚኖር ቤተሰብ ጣሪያው ዝጎ ክረምቱን ሙሉ ያፈስበታል እንበል። ቤተሰቡ ቆርቆሮውን የሚቀይርበት ገንዘብ ቢያጠራቅምም ቤቱ የእርሱ ስላልሆነ በቅድሚያ የጥገና ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል። ቤቱ የመንግሥት ነውና መንግሥት ይጠግንልኝ ብሎ ቢያመለክት ደግሞ በየወሩ የሚሰበሰበው ኪራይ ከጥቂት ብር ስለማያልፍ ለጥገና የሚተርፍ በጀት የለም ይባላል። ባለቤቱ የታወቀ፣ ተከራዩ የታወቀ፣ በየወሩ ደረሰኝ የሚቆረጥለት ቤት እያለ የሚጠግነው ሰው ይጠፋል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ለሚለው ጥያቄ የሕግ ባለሙያው፣ የምጣኔ ሀብት ባለሙያውና የታሪክ ተመራማሪው እያንዳንዳቸው ከፊል መልስ አላቸው። የፐብሊክ ፖሊሲ ትምህርት በድኅረ ምረቃ ደረጃ ሲሰጥ የሚፈልገው ከፊል መልሶቹን በሦስት ጥያቄዎች ዙሪያ ማሰባሰብ ነው፦ መንግሥት ሲወስን ምን ይሆናል ብሎ አስቦ ነበር? የሆነውስ ምንድን ነው? በሁለቱ መካከል ምን ገባ?

የትምህርቱ ስም ራሱ ማብራሪያ ይሻል። አዋጅ፣ ደንብና መመሪያ የደረጃ ቅደም ተከተላቸው የታወቀ ነው፤ አዋጁን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ደንቡን የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ መመሪያውን አስፈጻሚው መሥሪያ ቤት ያወጣል። ፖሊሲ ግን በዚህ መሰላል ላይ ቋሚ እርከን የለውም። አንዳንድ ጊዜ እንደ 1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ራሱን ችሎ ይታተማል፤ አንዳንድ ጊዜ በአዋጅ መግቢያ ላይ «አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ» በሚሉት ሐረጎች መካከል ይገኛል፤ አንዳንድ ጊዜም የትም አልተጻፈም። «ፐብሊክ» የሚለውንም አንዳንዶች «የመንግሥት» ሌሎች «ሕዝባዊ» ብለው ይመልሱታል። የመጀመሪያው ወሳኙን፣ ሁለተኛው ውሳኔው የሚያርፍበትን ወገን ያስቀድማል። ብዙ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ትርጉም ይዘው ይገባሉ፤ ወደ ሁለተኛው መሻገር ግን ከመጀመሪያው ሴሚስተር የንድፈ ሐሳብ ትምህርት በላይ ጊዜ ይወስዳል። ቶማስ ዳይ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረቡት ትርጓሜ በዚህ ረገድ ይረዳል፤ መንግሥት የሚያደርገውን ብቻ ሳይሆን ላለማድረግ የሚመርጠውንም በፖሊሲ ውስጥ ይቆጥራልና። በዚህ ትርጓሜ የኪራይ ተመንን ለአሥርተ ዓመታት ሳይነኩ መተው እንደ ማንኛውም አዋጅ ፖሊሲ ነው።

የጥናት መስኩ ዕድሜ ረጅም አይደለም። ሃሮልድ ላስዌል ከዳንኤል ለርነር ጋር ያዘጋጁት «የፖሊሲ ሳይንሶች» የተሰኘው መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ላስዌል ኋላ በጻፏቸው ሥራዎች ሁለት ዓይነት ዕውቀትን ለይተዋል፤ አንዱ ፖሊሲ እንዴት እንደሚሠራ የሚመረምር፣ ሌላው በፖሊሲ ሥራ ውስጥ ገብቶ የሚያገለግል ዕውቀት ነው። የመጀመሪያው የተመራማሪ፣ ሁለተኛው የአማካሪና የባለሙያ ይመስላል። የማስተርስ ተማሪ ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እንዲይዝ ይጠበቅበታል፤ ለዚህም ነው የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ በምርምር ጀምረው በምክር የሚያበቁት። ከላስዌል ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ኸርበርት ሳይመን ወሳኝ ሰው አማራጮችን ሁሉ መዝኖ ምርጡን እንደማይመርጥ፣ ባለው ጊዜና መረጃ «ይበቃል» የሚለውን እንደሚይዝ አሳይተው ነበር። ቻርልስ ሊንድብሎም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959 መንግሥታት ከነባሩ አሠራር ብዙም ሳይርቁ ትንሽ በትንሽ እየቀየሩ እንደሚሄዱ ጻፉ። እነዚህን ሥራዎች የማያነብ የመስኩ ተማሪ ጥቂት ነው።

ከሁሉ በላይ በተማሪው አእምሮ የሚቀረው ግን ፖሊሲን በደረጃ የሚከፋፍለው ሥዕል ነው፦ ችግሩ ይለያል፣ አጀንዳ ይሆናል፣ አማራጮች ይዘጋጃሉ፣ ይወሰናል፣ ይፈጸማል፣ ይገመገማል። ሥዕሉ ለማስተማር ይመቻል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁለተኛው ምዕራፍም ያለ እርሱ አይሟላም። ፖል ሳባቲየርን የመሳሰሉ ምሁራን እንደተቹት ግን ደረጃዎቹ ምን ምንን እንደሚያስከትል አይናገሩም። ቅደም ተከተል እንጂ የምክንያትና የውጤት ማብራሪያ አይደሉም። ስለዚህ «ፖሊሲው ጥሩ ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ችግር ነበረበት» የሚለው የተለመደ ፍርድ በቀላሉ ይመጣል። ሥዕሉ ሁለቱን በተለያየ ሣጥን ውስጥ ስላስቀመጣቸው አንዱን ነጻ አውጥቶ ሌላውን መወንጀል ቀላል ይሆናል።

ከዚህ ወጥመድ የሚያወጣው ሐሳብ ጄፍሪ ፕረስማንና አሮን ዊልዳቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ፖሊሲ አፈጻጸም ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። እያንዳንዱ ፖሊሲ፣ ባይጻፍም እንኳ፣ «ይህ ቢደረግ ያ ይከተላል» የሚል ግምት አለው። ተማሪው ሰነዱን ሲያነብ በቅድሚያ ማውጣት ያለበት ይህንን ግምት ነው።

ወደ ቀበሌ ቤቱ ተመልሶ ይህንን መሞከር ይቻላል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ መሬትን በሙሉ ወደ መንግሥት አዛወረ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ደነገገ፤ ትርፍ የተባሉትን ቤቶች ወረሰ። ግለሰብ ቤት አከራይቶ ገቢ የሚያገኝበትን በር ዘጋ። ኪራይም ተቀነሰ፤ ቅናሹ አነስተኛ ኪራይ ለሚከፍሉት ከፍ ያለ፣ እስከ 50 በመቶ የሚደርስ ነበር። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ።

የአዋጁ ግምት ከእነዚህ አንቀጾች ይነበባል። የከተማው ድሃ ቤት ያጣው መሬትና ቤት በጥቂቶች እጅ ስለተያዘና ኪራይ ስለተወደደ ነው፤ ስለዚህ ባለቤትነቱ ቢለወጥና ኪራዩ ቢቀንስ ድሃው ቤት ያገኛል። የግምቱ ግማሽ እውነት ሆኗል። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከባለቤት ማስወጣት ፍርሃት ተላቀው በዝቅተኛ ኪራይ ለትውልድ ኖረዋል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ በአኀዝ ብቻ የሚመዘንም አይደለም። ግምቱ ያልያዛቸው ሁለት ጉዳዮች ግን ነበሩ። አንደኛው፣ የሚያከራየው ሰው ሲጠፋ ለኪራይ ብሎ አዲስ ቤት የሚሠራውም አብሮ ይጠፋል፤ የከተማው ሕዝብ እየጨመረ ሲሄድ ያው የ1967 ዓ.ም. ቤት ተሸንሽኖ፣ ጓዳው ወጥ ቤት፣ ወጥ ቤቱ መኝታ ሆኖ፣ ደባል ተጨምሮበት ይኖርበታል። ሁለተኛው፣ በዚያን ጊዜ ዋጋ የተቆረጠ ኪራይ ሳይስተካከል ሲቆይ የሚስማርና የቆርቆሮ ዋጋ ግን አብሮት አይቆምም። የጣሪያው ማፍሰስ እንግዲህ በአፈጻጸም ላይ የተፈጠረ ድንገተኛ ብልሽት አይደለም፤ ዘሩ በአዋጁ ግምት ውስጥ ነበር። ቀበሌው ምንም ያህል ትጉ ቢሆን ከማይበቃ ኪራይ የሚበቃ ጥገና ማውጣት አይችልም ነበር።

ይህ ማለት ግን አፈጻጸም ትርጉም የለውም ማለት አይደለም። ፕረስማንና ዊልዳቭስኪ ያጠኑት በካሊፎርኒያዋ የኦክላንድ ከተማ ለሥራ አጦች ሥራ ለመፍጠር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረ የፌዴራል ፕሮግራም ነበር። ገንዘቡ ተመድቧል፣ ተቃዋሚም አልነበረውም፤ ከዓመታት በኋላ የተፈጠረው ሥራ ግን ከታሰበው እጅግ ያነሰ ነበር። ደራሲዎቹ ምክንያቱን ሲፈልጉ 70 ያህል ስምምነቶች በተለያዩ አካላት መገኘት እንደነበረባቸው ቆጠሩ። ሒሳቡን ማንም ተማሪ በወረቀት ሊሠራው ይችላል፦ እያንዳንዱ ስምምነት የመገኘት ዕድሉ 99 በመቶ ቢሆን እንኳ ሰባውም በአንድነት የሚገኙበት ዕድል ከግማሽ ጥቂት ያነሰ ነው። ወደ 95 በመቶ ዝቅ ቢል ጠቅላላው ዕድል 3 በመቶ አይሞላም። አንዲት የጥገና ፈቃድ ስንት ፊርማ እንደምትፈልግ በመቁጠር የሚጀምር ጥናት ከብዙ መጠይቆች የተሻለ ነገር ይናገራል። መጽሐፉ የወጣበትም መንገድ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ትምህርት ነው፤ ዊልዳቭስኪ ይመሩት የነበረው የኦክላንድ ፕሮጀክት ተማሪዎችን በከተማው መሥሪያ ቤቶች ውስጥ እያሠራ ያስጠና ነበር።

ፊርማውን የሚፈርመውስ ማን ነው? ማይክል ሊፕስኪ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት መጽሐፍ መምህሩ፣ ፖሊሱ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛው፣ ባጠቃላይ ከባለጉዳይ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው ሠራተኛ የፖሊሲ ፈጻሚ ብቻ ሳይሆን ፖሊሲ ሠሪም እንደሆነ ተከራክረዋል። ሥራው ብዙ፣ ጊዜውና ሀብቱ ጥቂት ስለሆነ ባለጉዳዩን በወረፋ፣ በቀጠሮና በማስረጃ ጥያቄ ይመጥናል። «ነገ ተመለስ» የሚለው ቃል በዚህ ዓይን ሲታይ የሀብት ድልድል ነው። ከቀበሌው መስኮት ጀርባ የተቀመጠው ሠራተኛ የወላጅ የኪራይ ውል ለልጅ ይተላለፍ ወይስ አይተላለፍ፣ ደባሉ በመዝገቡ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ በሚሉት ጉዳዮች በየቀኑ ሲወስን ኖሯል። ውሳኔው ትንሽ ይመስላል። ሠፈሩ ለልማት ሲነሣ ግን ምትክ ቤት ለማን ይሰጣል የሚለው ጥያቄ የሚጀምረው ከዚያው መዝገብ ነው፤ ከዓመታት በፊት በአንድ ከሰዓት በኋላ የተጻፈ ወይም ሳይጻፍ የቀረ ስም የአንድን ቤተሰብ ዕጣ ይለያል።

የድኅረ ምረቃው ትምህርት ተግባራዊ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። በጉዳዩ ላይ የሚሠራ የተለመደ የመመረቂያ ጽሑፍ ለተከራዮች «በጣም እስማማለሁ» እስከ «በፍጹም አልስማማም» የሚደርስ መጠይቅ ይበትናል፣ መቶኛ ያወጣል፣ «የግንዛቤ እጥረት» እና «የቅንጅት ማነስ» ዋና ተግዳሮቶች ሆነው ተገኙ ይላል፣ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ እንዲዘጋጅም ይመክራል። ጣሪያው እንደሚያፈስ ተከራዩ ግንዛቤ አለው። ሠራተኛውም አለው። እንዲህ ያለው መደምደሚያ ጉዳት የሌለው ይመስላል፤ ተመራቂው ግን ብዙም ሳይቆይ በአንድ ቢሮ የዕቅድ ክፍል ይቀመጥና ያንኑ ሐረግ በሚቀጥለው ሰነድ «የችግሩ ትንተና» ሥር ይጽፈዋል። ችግሩ በግንዛቤ እጥረት ከተተረጎመ መፍትሔው ሥልጠና ይሆናል፤ የኪራይ ተመኑና የጥገና ኃላፊነቱ ሳይነሡ ያልፋሉ።

የተሻለ ማስረጃ ለማግኘት በር የለም ማለት አይቻልም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚያወጧቸው መመሪያዎች እንዲመዘገቡና ለሕዝብ እንዲደርሱ ያስገድዳል፤ የመረጃ ነፃነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 590/2000ም ሰነድ ለመጠየቅ መሠረት ይሰጣል። በተግባር ግን ተማሪው የሚሄደው የትብብር ደብዳቤ ይዞ ነው። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ፣ ለኃላፊ ተመርቶ፣ ለባለሙያ እስኪደርስ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ይህ ራሱ በማስታወሻ ደብተር ሊመዘገብ የሚገባው መረጃ ነው። ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው ደግሞ የቃለ መጠይቁ ሁኔታ ነው። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ተመርቶ፣ በወረዳው ሠራተኛ ታጅቦ የመጣ ጠያቂ በተከራዩ ዓይን የወረዳው ሰው ነው። ቤቱን ሊያጣ የሚችል ሰው ለእንዲህ ያለው ጠያቂ «ምንም ችግር የለብንም» ቢል አያስገርምም፤ ያ መልስ በመቶኛ ሲቀመጥ «እርካታ» ተብሎ ይነበባል። ብቻውን፣ በሌላ ቀን፣ በዕድሩ ወይም በሠፈሩ ሽማግሌ በኩል የሚመለስ ተማሪ ሌላ መልስ ይሰማል።

ግምገማው የሚደረግበት መስፈርትም ቀድሞ መታወቅ አለበት። በጥገና ሁኔታ ከተመዘነ የቀበሌ ቤት ታሪክ ውድቀት ነው። ድሃው ከመሐል ከተማ፣ ከገበያው፣ ከጉሊቱና ከዕድሩ ሳይርቅ መኖሩ ከተመዘነ ግን ብዙ ከተሞች ያጡትን ነገር ለአዲስ አበባ አቆይቷል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በከተማዋ ዳርቻዎች በስፋት የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ይህንኑ መስፈርት ገልብጠው ያሳያሉ፤ ቤቱ የተሻለ ነው፣ የታክሲው ወጪና የጠፋው ደንበኛ ግን በካርታው ላይ አይታይም። ሁለቱን የሚያነጻጽር ተማሪ ካሬ ሜትርን ከትራንስፖርት ወጪና ከጎረቤት ብድር ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ማስቀመጥ ይቸግረዋል፤ ጥናቱ ዋጋ የሚኖረውም ችግሩን ሳይሸሽ ሲያስቀምጠው ነው።

በአንድ የቀበሌ ቤት ላይ ጥናት ለመጀመር ሦስት ወረቀቶች ይበቃሉ፦ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው አዋጅ፣ የቅርቡ የኪራይ ደረሰኝ፣ መልስ ያላገኘ የጥገና ፈቃድ ማመልከቻ። በመጀመሪያው ላይ ግምቱ፣ በሁለተኛው ላይ ዋጋው፣ በሦስተኛው ኅዳግ ላይ ደግሞ የተመራበት ክፍል ስምና ቀን ይነበባል። ተማሪው ማመልከቻውን ይዞ ወደዚያ ክፍል ሄዶ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ አጭር ነው፦ ይህ ፈቃድ የቆየው በየትኛው መመሪያ፣ በስንተኛው አንቀጽ ነው?