«ባዶ ነው» የሚባለው ሽጉጥና የአንዲት ሞላ ፊዚክስ

ስለ ሁክ ሕግ ያስተማርንበት አንድ ክፍለ ጊዜ እንዳበቃ፣ የጅግጅጋ ልጅ የሆነ ተማሪያችን ወደ ጠረጴዛችን ቀረበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀን። «መምህር፣ የአባቴ ሽጉጥ ላይኛው ብረቱ ወደ ኋላ ከተሳበ በኋላ ተመልሶ በደንብ አይገጥምም። ሞላው ደክሟል ይላሉ። ዛሬ ያስተማሩን ስለ ሞላ ከሆነ፣ አዲስ ሞላ አግኝቼ ቤት ውስጥ ብቀይርላቸው ምን ችግር አለው?»

እኛም መልስ ከመስጠታችን በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቅነው። «ከመፍታትህ በፊት ሽጉጡ ባዶ መሆኑን በምን ታውቃለህ?»

«ካዝናውን አወጣዋለኋ!» አለን ያለ ጥርጣሬ።

ይህ መልስ የብዙ ሰዎች መልስ ነው። በቤት ውስጥ «ባዶ» በተባለ ሽጉጥ ሰው የሚሞተውም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ መልስ ምክንያት ነው። በመሆኑም በዚያን ዕለት ለተማሪያችን በጥቂት ደቂቃ የነገርነውን በዚህ ጽሑፍ ሰፋ አድርገን ለአንባቢያን ለማቅረብ ወደድን። ዓላማችን የሽጉጥ ጥገና ማስተማር አይደለም። በአንዲት ትንሽ የብረት ክፍል ጀርባ ምን ያህል ጉልበት ተከማችቶ እንደሚገኝ፣ ይህንንም ሳያውቁ መንካት ምን እንደሚያስከትል ማሳየት ነው።

በቅድሚያ ሁለት ቃላትን እንለይ። በዕለት ንግግራችን «ኃይል» እና «ጉልበት» እየተተካኩ ይነገራሉ። በዚህ ጽሑፍ ግን አንድን አካል የሚገፋውን ወይም የሚስበውን «ኃይል»፣ ሥራ ለመሥራት የሚያስችለውን ክምችት ደግሞ «ጉልበት» እንላለን። የኃይል መለኪያ ኒውተን፣ የጉልበት መለኪያ ጁል ነው።

የሞላው ጉልበት

እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ሥራው እንዳስረዳው፣ ሞላ በተጨመቀ ወይም በተሳበ መጠን የሚመልሰው ኃይልም በዚያው ልክ ይጨምራል። ሁለት እጥፍ ብንጨምቀው ሁለት እጥፍ ኃይል ይመልሳል። በውስጡ የሚከማቸው ጉልበት ግን የመጨረሻው ኃይል ግማሽ በተጨመቀበት ርዝመት ሲባዛ የሚገኘው ነው።

ለስሌት እንዲመቸን አንድ የሽጉጥ መላሽ ሞላ 4 ሴንቲ ሜትር ሲጨመቅ 60 ኒውተን ኃይል ይመልሳል እንበል። የ60 ግማሽ 30 ነው። 30 ኒውተን በ0.04 ሜትር ሲባዛ 1.2 ጁል ይሆናል። ይህ 100 ግራም የሚመዝን ሎሚ ከ1.2 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ከሚኖረው ጉልበት ጋር እኩል ነው። ማንም የማይፈራው ጉልበት ነው ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ያው 1.2 ጁል በሙሉ 10 ግራም ለምትመዝን ሞላ ወይም ክዳን ቢሰጥ ፍጥነቷ በሰከንድ 15 ሜትር ያህል፣ ማለትም በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በጅግጅጋ ጎዳና ላይ ሙሉ ፍጥነቱን ይዞ ከሚሄድ ባጃጅ ጋር የሚወዳደር ፍጥነት ነው። ሽጉጥ የሚፈታ ሰው ፊቱን ወደ እጁ አቅርቦ ስለሚያጎነብስ ከእጁ ያመለጠች ሞላ የምትሄደው ወደ ዓይኑ ነው። እንግዲህ በአንዲት ሞላ የሚመጣው የመጀመሪያው አደጋ ይህ ነው፤ ከአደጋዎቹ ሁሉ ትንሹም እርሱ ነው።

የጥይቱ ጉልበት

በአገራችን ብዙ ሰው የሚያውቀውን ማካሮቭ የተባለውን ሽጉጥ እንመልከት። የሶቪየት ጦር እ.ኤ.አ. በ1951 የተቀበለው ይህ መሣሪያ 6 ግራም ገደማ የምትመዝን አረር በሰከንድ 315 ሜትር አካባቢ በሆነ ፍጥነት ያወጣል። ጉልበቷ ወደ 300 ጁል ይጠጋል። ይኸውም 25 ኪሎ የሚመዝን የዱቄት ከረጢት ከ1.2 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ የሚኖረው ጉልበት ነው። ልዩነቱ የከረጢቱ ጉልበት በሰፊ ቦታ ላይ ሲያርፍ፣ የአረሯ ግን ከአንድ ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ስፋት ላይ ማረፉ ነው። ቀደም ሲል ካሰላነው የሞላ ጉልበት ጋር ሲነጻጸር 250 እጥፍ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ጉልበት የሚቀሰቅሰው ግን በጣም ትንሽ ምት ነው። በቀለሁ ግርጌ ያለችው ትንሽ ክብ መለኮሻ በመርፌ ስትመታ ትቀጣጠላለች፤ እርሷም ባሩዱን ታቀጣጥላለች። ለዚህ የሚያስፈልገው ጉልበት ከአንድ ጁል ያነሰ ነው። ከሐረር ወደ ጅግጅጋ የሚወስደው መንገድ የካራማራን ተራራ ሲያቋርጥ በገደሉ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ቋጥኝ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ቋጥኙን ከቦታው የሚያነቃንቀው የአንድ ሰው ግፊት ሊሆን ይችላል፤ ሸለቆው ውስጥ ሲደርስ የሚኖረው ጉልበት ግን ከገፋው ሰው የመጣ አይደለም። ቀድሞውኑ በከፍታው ምክንያት በውስጡ ተከማችቶ የነበረ ነው። ጥይትም እንደዚሁ ነው።

ይህ ክምችት በጊዜ ብዛት በራሱ ባዶ ይሆናል ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። ካራማራ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በድል የተጠናቀቀው ጦርነት የሚታወስበት ስፍራ ነው። ከዚያ ዘመን ጀምሮ በሣጥን ወይም በመሬት ውስጥ የቆየ ጥይት ላይተኩስ ይችላል። «ላይተኩስ ይችላል» ማለት ግን «አይተኩስም» ማለት አይደለም።

«ባዶ ነው» እምነት ወይስ ልኬት?

አሁን ወደ ተማሪያችን መልስ እንመለስ። ካዝናው ሲወጣ የሚወጡት በካዝናው ውስጥ ያሉት ጥይቶች ብቻ ናቸው። አስቀድሞ ወደ በርሜሉ መግቢያ የገባ አንድ ጥይት ካለ ካዝናው ቢወጣም እዚያው ይቀመጣል። ብዙ ሽጉጦች፣ ማካሮቭንም ጨምሮ፣ ካዝና ሳይኖራቸውም ይህን ጥይት ሊተኩሱ ይችላሉ። እንግዲያውስ «ካዝናውን አውጥቻለሁ» የሚለው ሰው ስለ ካዝናው እውነት ተናገረ እንጂ ስለ ሽጉጡ ገና ምንም አላወቀም።

ቅደም ተከተሉም የራሱ ትርጉም አለው። አንድ ሰው በመጀመሪያ ላይኛውን ብረት ስቦ ጥይቱን ቢያስወጣና ካዝናውን ከዚያ በኋላ ቢያወጣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ምክንያቱም ብረቱ ወደ ቦታው ሲመለስ ከካዝናው ሌላ ጥይት ይዞ ይገባል። ትክክለኛው ሥርዓት ጣትን ከቃታው አርቆ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙሮ፣ በመጀመሪያ ካዝናውን ማውጣት፣ ቀጥሎ ላይኛውን ብረት ስቦ ጥይት ካለ ማስወጣት፣ በመጨረሻም ብረቱ ወደ ኋላ እንደተያዘ ውስጡን በዓይን ማየትና በጣት ጫፍ መዳሰስ ነው።

በቤተ ሙከራ አንድን ልኬት አንድ ጊዜ ብቻ ወስደን እንደማናምን ሁሉ ይህም ከአንድ ጊዜ በላይ መደረግ አለበት። ሽጉጡ ከእጅ ወጥቶ ለአፍታ ተቀምጦ ከተነሣም ምርመራው እንደገና ይጀመራል። ከሌላ ሰው ስንቀበልም ሰጪው አባትም ይሁን ወንድም የእርሱ ምርመራ የእኛን አይተካም። በፊዚክስ አነጋገር «ባዶ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከልኬት በኋላ የሚሰጥ ውጤት እንጂ ከልኬት በፊት የሚያዝ እምነት አይደለም።

ስለ አፈሙዙ አቅጣጫም አንድ ነገር እንጨምር። በአካባቢያችን ብዙ ቤቶች በእንጨትና በጭቃ ወይም በቆርቆሮ የተሠሩ ናቸው። ቆርቆሮ ለዝናብና ለፀሐይ እንጂ ለ300 ጁል መከላከያ አይሆንም። «ወደ ግድግዳው አዙሬዋለሁ» የሚል ሰው ከግድግዳው ወዲያ ማን እንደተኛ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።

አንዲት ክፍል ስትለወጥ ሌላው ይለወጣል

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ መፍታት ነበር። አሁን ሽጉጡ በትክክል ባዶ ሆኖ ሞላው ተቀየረ እንበል። ነገሩ አበቃ ማለት ነውን?

ሞላ የሚደክመው በሁለት ዋና ዋና ምክንያቶች ነው። አንደኛው ድግግሞሽ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ አውጉስት ቮለር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የባቡር ዘንጎችን መርምሮ እንዳሳየው፣ ብረት በአንድ ጊዜ ሊሰብረው ከሚችለው በታች በሆነ ጫናም ቢሆን ጫናው እጅግ ደጋግሞ ሲመላለስበት ይሰነጠቃል። ሁለተኛው ዝገት ነው። በዝገት የተቦረቦረች ትንሽ ጉድጓድ ጫና የሚጠራቀምባት ቦታ ትሆናለች፤ ስንጥቁም ከዚያ ይነሣል። በጅግጅጋ ሜዳ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ የሚያመጣው አቧራ በዘይት ላይ ሲያርፍ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ብረቱን ስለሚፍቅ ጉዳቱን ያባብሰዋል።

የደከመውን ሞላ በእጅ ስቦ ማርዘም ወይም ከሌላ ዕቃ የተገኘ ሞላ ቆርጦ ማስገባት እንደ ብልሃት ሲቆጠር እንሰማለን። ይሁን እንጂ የሞላ ጥንካሬ ከሽቦው ውፍረት አራተኛ ርቢ ጋር ይሄዳል። ሽቦው በ1 ሚሊ ሜትር ፈንታ 1.1 ሚሊ ሜትር ቢሆን በዓይን የሚለየው የለም፤ ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ የሞላው ጥንካሬ ግን 46 በመቶ ይጨምራል። 24 ጥምዝ ያለው ሞላ ደግሞ ከተመሳሳይ ሽቦ ከተሠራ 30 ጥምዝ ካለው ሞላ ይልቅ በ25 በመቶ ይጠነክራል።

ውጤቱ በሞላው ላይ ብቻ አይቆምም። በማካሮቭ ሽጉጥ ውስጥ መለኮሻውን የምትመታው መርፌ ወደ ኋላ የሚይዛት የራሷ ሞላ የላትም፤ በቦታዋ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንደ ልብ ትንቀሳቀሳለች። ላይኛው ብረት በፍጥነት ተመልሶ ድንገት ሲቆም መርፌዋ በኒውተን የመጀመሪያ ሕግ መሠረት ጉዞዋን ትቀጥላለች፤ የጥይቱንም መለኮሻ በቀስታ ትነካለች። ሠሪዎቹ ይህ ንክኪ ከሚያቀጣጥለው ምት እጅግ እንዲያንስ መርፌዋን ቀላል አድርገው ሠርተዋታል። መላሹ ሞላ በ46 በመቶ ቢጠነክር ግን ብረቱ ይዞት የሚመጣው ጉልበት፣ በእርሱም ምክንያት የመርፌዋ ጉልበት በተቀራራቢ መጠን ያድጋል። መርፌዋ ራሷ ከሌላ ብረት ተሠርታ ክብደቷ እጥፍ ቢሆን ጉልበቷም እጥፍ ይሆናል። ጥቂት ብትረዝም ወይም በቆሻሻ ተይዛ ጫፏ ወጥቶ ቢቀር ደግሞ ማንም ቃታ ሳይስብ ሽጉጡ ገና ጥይት ሲጎርስ ሊተኩስ ይችላል። ቤት ውስጥ የተደረገ ትንሽ ቅያሪ ዋጋ ሊያስከፍል የሚችለው በዚያን ቀን ሳይሆን ከሳምንታት በኋላ በሌላ ሰው እጅ ነው።

የትንሽ ክፍል ክብደት ምን ያህል እንደሚወስን በዓለም ፊት የታየ ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲግ ሳወር የተባለው ኩባንያ የሠራው ፒ320 ሽጉጥ በአንድ የተወሰነ ማዕዘን ወደ ኋላው ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል በሙከራ ታየ። ሽጉጡ መሬት ሲነካ ይቆማል፤ ቃታው ግን በራሱ ክብደት ምክንያት መጓዙን ይቀጥላል፤ ልክ ጣት የሳበው ያህል ይሆናል። ኩባንያው በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ለባለንብረቶች ነፃ ማሻሻያ ማቅረቡን አስታወቀ። ከማሻሻያዎቹ አንዱ ቃታውን ቀላል ማድረግ ነበር። ዘመናዊ መለኪያና ብዙ መሐንዲሶች ያሉት ፋብሪካ የጥቂት ግራሞችን ውጤት አስቀድሞ ካላየ፣ በቤት ጠረጴዛ ላይ በፋኖስ ወይም በአምፖል ብርሃን የሚሠራ ሰው እንዴት ሊያየው ይችላል?

ታዲያ ምን ይደረግ?

በአገራችን የጦር መሣሪያ አያያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። በመሆኑም የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት ልቀይረው?» ሳይሆን «ይህን መሣሪያ ለመንካት የተፈቀደልኝ ነኝን?» የሚለው ነው። ተማሪ የአባቱን ሽጉጥ አይፈታም። ባለፈቃዱ ራሱ ቢሆንም የደከመ ሞላ ያለው ሽጉጥ እንደ ጤነኛ መሣሪያ መያዙን ትቶ ጥይቱን ከሽጉጡ ለይቶ፣ ሁለቱንም በየፊናቸው ቆልፎ፣ ሥራውን ለሚያውቅና ለተፈቀደለት ባለሙያ መስጠት ይኖርበታል። ባለሙያውም ቢሆን ጥይት በሌለበት ክፍል ይሠራል፤ ዓይኑን በመነጽር ይሸፍናል፤ ለዚያው ሞዴል በልኩ የተሠራ ክፍል ብቻ ይገጥማል፤ ከገጠመም በኋላ መሣሪያው በትክክል መሥራቱን ያለ ጥይት ይፈትሻል።

ተማሪያችን ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ጥቂት ዝም አለና «እንግዲያውስ ዛሬ ማታ ለአባቴ ምን ልበላቸው?» አለን። እኛም «ሞላውን አትንካ። ካዝናው ቢወጣም ጥይት ውስጥ ሊቀር እንደሚችል ግን ንገራቸው፤ ታናናሾችህም እየሰሙ ንገራቸው» አልነው። ለአንባቢያንም ያለን መልእክት ይኸው ነው። በቤታችሁ ሽጉጥ ካለ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ፣ ይህች አንዲት ነገር ለቤተሰቡ ሁሉ ትነገር።