የሞተር መጋዙ ዘይት የት ቀረ?

የሞተር መጋዝ በአንድ ጊዜ ሁለት ፈሳሾችን ይጠቀማል። አንደኛው ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው ቤንዚን ሲሆን፣ ሁለተኛው በሌላ ማጠራቀሚያ ተቀምጦ ሰንሰለቱንና ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም የብረት ምላስ፣ ማለትም ባሩን፣ የሚያለሰልሰው ዘይት ነው። ቤንዚኑ ሲያልቅ መጋዙ ስለሚቆም ወዲያው ይታወቃል። የሰንሰለቱ ዘይት ሲቋረጥ ግን መጋዙ እንደ ወትሮው ይጮኻል። ነገሩ የሚገለጠው ባሩ ሲጨስና ጠርዙ ሲጠቁር፣ ባስ ሲልም ሰንሰለቱ በቆራጩ ፊት ሲበጠስ ነው።

ሰበቃው ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት እናስላ። በብዙ መጋዞች ላይ የሚገኘው ባለ 7 ጥርስ መዘውር አንድ ጊዜ ሲዞር ሰንሰለቱን 13.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጎትታል። መዘውሩ በደቂቃ 10,000 ጊዜ ቢዞር ሰንሰለቱ በሰከንድ 22 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። የባሩ ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ቢኖረው፣ የፍጥነቱን ካሬ ለሬዲየሱ ስናካፍል የምናገኘው ሽምጠት ከመሬት ስበት ሽምጠት ከ1,600 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ተራ ዘይት እዚህ ላይ ተወርውሮ ይጠፋል፤ ለሰንሰለት የተዘጋጀው ዘይት ግን አጣባቂ ንጥረ ነገር ስለተጨመረበት ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ይቆያል።

ዘይቱ መድረሱን ለማወቅ የባሩን ጫፍ ከአንድ ነጣ ያለ ጉቶ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቆ፣ ሞተሩን ከፍ ባለ ፍጥነት ለአንድ ደቂቃ ማስኬድ ይበቃል። በጉቶው ላይ ቀጭን የዘይት መስመር ሊታይ ይገባል። በብዙ መጋዞች ፓምፑ የሚሠራው ሰንሰለቱ ሲሮጥ ብቻ ስለሆነ፣ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ዘይት አለመምጣቱ ብልሽት አይደለም። ቤንዚኑ አልቆ ዘይቱ እንዳለ ከተገኘ ግን አንድ ነገር ተዘግቷል።

ብዙዎች በዚህ ጊዜ ፓምፑን ጠርጥረው ለአዲስ ፓምፕ ገንዘብ ያወጣሉ። በእኛ አስተያየት ፓምፑ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው፤ የዘይቱን መንገድ ከመድረሻው ወደ መነሻው መከተል ይሻላል። ሞተሩ ጠፍቶ የካንዴላው ገመድ ከተነቀለ በኋላ፣ ጓንት አድርገን ሽፋኑን ፈትተን ባሩን እናወጣለን። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው እዚሁ ይገኛል፤ በዘይት የታሸ ሰጋቱራ የሰንሰለቱን ቦይ ሞልቶ፣ ዘይት የሚገባባትንም ትንሽ ቀዳዳ ደፍኖ ይታያል። ባሩ እየተገለበጠ ስለሚገጠም በሁለቱም ጠርዝ በኩል ያሉት ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ ይጠረጋሉ። ከመጋዙ አካል ዘይት የሚወጣበትም ቀዳዳ እንዲሁ።

ይህ ሁሉ ንጹሕ ከሆነ ወደ ማጠራቀሚያው እንሻገር። ከጀሪካን ዘይት ስንቀዳ አየር የሚገባበት መንገድ ከሌለ ፈሳሹ እየተንተከተከ ይወርዳል፤ ጨርሶም ሊቆም ይችላል። የመጋዙም ማጠራቀሚያ ትንሽ የአየር መግቢያ አለው። እርሱ ሲደፈን ውስጡ ያለው ግፊት ይቀንስና ፓምፑ ዘይቱን መሳብ ያቅተዋል። ክዳኑ ሲላላ ዘይቱ መፍሰስ ከጀመረ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። ካልሆነ በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ፊልትሮና የጎማ ቱቦው ይታያሉ። ከዚያ በኋላ ብቻ የፓምፑ መጠን ማስተካከያ ቪቴ፣ ቀጥሎም ከፍሪሲዮኑ ኃይል ተቀብሎ ፓምፑን የሚያዞረው ጠምዛዛ ጥርስ ይመረመራል። በአንዳንድ መጋዞች ይህ ጥርስ ፕላስቲክ በመሆኑ ይበላል።

በደጋ ጠዋት ደግሞ ምንም ሳይበላሽ ዘይቱ እንደ ረጋ ማር እምቢ ሊል ይችላል፤ ሙቀት ሲቀንስ የፈሳሽ ዝልግልግነት ይጨምራልና። ዘይቱን ቤት ውስጥ ማሳደር መፍትሔ ነው።

ርካሽ በመሆኑ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚጨምሩ አሉ። ይህ በጥብቅ ሊወገዝ የሚገባው ነው። የሰንሰለት ዘይት ተመልሶ አይሰበሰብም፤ ሁሉም አፈር ላይ፣ ሰጋቱራው ላይና በቆራጩ ልብስ ላይ ይቀራል። በተቃጠለው ዘይት ውስጥ የብረት ብናኝና እንደ ቤንዞፓይሪን ያሉ ካንሰር አምጪ ውሕዶች ይገኛሉ።

በአውሮፓ በዚህ ምክንያት ከጎመንዘር የሚሠራ የሰንሰለት ዘይት በሥራ ላይ ውሏል። ታዲያ የኛ ኑግስ? የኑግ ዘይት አብዛኛው ክፍል ሊኖሌይክ አሲድ ሲሆን፣ በሞለኪዩሉ ውስጥ ያሉት ጥንድ ትስስሮች ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐዱ ዘይቱን ቀስ በቀስ ወደ ሙጫነት ይለውጡታል። ለአንድ ቀን ሥራ ያለሰልሳል፤ መጋዙ ለወራት ከተቀመጠ ግን ፓምፑንና ሰንሰለቱን አጣብቆ ይጠብቀናል። ለሰንሰለት ተብሎ የተዘጋጀ የአትክልት ዘይት የሚጠቀም ሰውም ቢሆን መጋዙን ለረጅም ጊዜ ከማስቀመጡ በፊት ማጠራቀሚያውን ባዶ ማድረግና ሰንሰለቱን ማጠብ ይኖርበታል።