ጋዝ፣ ዘይትና ውኃ በአንድ ቧንቧ

ከነዳጅ ጉድጓድ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ዘይት ወይም ንጹሕ ጋዝ ሳይሆን የተፈጥሮ ጋዝ፣ ድፍድፍ ዘይትና ውኃ፣ አልፎ አልፎም አሸዋ የተደባለቀበት ሲሆን፣ ይህ ድብልቅ ሳይለያይ በአንድ ቧንቧ ሲጓዝ ባለ ብዙ ሁነት ፍሰት ይባላል። ሒሳቡ የሚጠየቀው በእያንዳንዱ የቧንቧው ነጥብ ግፊቱ፣ ሙቀቱና የፈሳሹ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ፣ ከሰዓታት በኋላስ ምን እንደሚሆን ነው።

መልሱን የሚያከብደው ጋዝና ፈሳሽ አብረው የሚጓዙበት ሁኔታ ተለዋዋጭነት ነው። በአግድም ቧንቧ ፍጥነቱ ዝቅ ሲል ፈሳሹ ከታች፣ ጋዙ ከላይ ተነባብረው ይፈሳሉ፤ ጋዙ ሲፈጥን በፈሳሹ ገጽ ላይ ማዕበል ይነሣል፤ ማዕበሉ የቧንቧውን ጣሪያ ሲነካ «ስለግ» የሚባለው፣ ቧንቧውን የሚደፍን የፈሳሽ ክምችት ይፈጠራል፤ ጋዙ ይበልጥ ሲበረታ ደግሞ ፈሳሹ ግድግዳውን ይለብስና ጋዙ ነጠብጣቦችን ይዞ በመሐል ይነጉዳል። መሐንዲሶች ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት ስለግን ነው፤ ቧንቧው ከባሕር ወለል ሽቅብ በሚታጠፍበት ቦታ ፈሳሽ ተጠራቅሞ መንገዱን ሲዘጋ ከኋላ የታፈነው ጋዝ ግፊቱ እያየለ ሄዶ ፈሳሹን በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ይተፋዋልና፣ ተቀባዩ ማጠራቀሚያ ይህን ጎርፍ የሚችል ካልሆነ ማምረቻው ሊቆም ይችላል።

ሞዴሉ የሚነሣው ከቁስ መጠን፣ ከእንድርድሪት (ከቁስ መጠንና ከፍጥነት ብዜት) እና ከኢነርጂ የጥበቃ ሕጎች ነው። ይሁን እንጂ በመቶ ኪሎ ሜትር ቧንቧ ውስጥ እያንዳንዱን ሞገድ ማስላት ስለማይቻል እሴቶቹ በቧንቧው ወርድ ላይ በአማካይ ይወሰዳሉ፤ አማካዩ ደግሞ ጋዙና ፈሳሹ የሚነካኩበትን ገጽ ስለሚሰውር በዚያ ገጽ ላይ ያለው ሰበቃ፣ ማለትም አንዱ ሌላውን የሚጎትትበት ኃይል፣ ከሙከራ በተገኙ ቀመሮች መሞላት አለበት። ክርክሩም ስሕተቱም የሚበዛው እዚህ እንጂ በሕጎቹ ላይ አይደለም፤ ሎክሃርትና ማርቲኔሊ እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጡት ዝነኛ ስሌት ለምሳሌ የተመሠረተው ዲያሜትራቸው ከ3 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ቱቦዎች ላይ በተደረጉ ልኬቶች ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ስለ ግዙፍ የባሕር ቧንቧ መናገር ድፍረት ይጠይቃል።

ኖርዌይ ውስጥ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኢነርጂ ቴክኖሎጂ ተቋም የተሠራው «ኦልጋ» የተባለው የኮምፒውተር ሞዴል ይህን ክፍተት ለመሙላት የቻለው፣ ሲንተፍ የተባለው የምርምር ድርጅት በትሮንድሄም አቅራቢያ በቲለር ባለው ቤተ ሙከራ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው መስመር በከፍተኛ ግፊት የተገኙ ልኬቶች ስለደገፉት ነው። እንዲህ ያለ ስሌት ባይኖር ኖሮ እንደ ስኖቪት ያለውን መስክ፣ ማለትም ከባሕሩ በላይ መድረክ ሳይኖረው ከ2007 ጀምሮ ያልተለያየ ጋዙን በ143 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ወደ መልኮያ ደሴት የሚልከውን፣ ማቀድ እጅግ ይከብድ ነበር።

የጋዙ መጠን በቀነሰ ጊዜ ግን ስሌቱ ዛሬም ይፈተናል፤ ደካማ ጋዝ ፈሳሹን መግፋት ሲያቅተው የቧንቧው ዳገት ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ቢሆን እንኳ በረባዳው ስፍራ የሚጠራቀመው ፈሳሽ በብዙ እጥፍ ሊጨምር ይችላልና።