ቮልስ፦ ለምን እንደምንወዳት፣ ለምን ልንፈራት እንደሚገባ

የጥምቀት ሰሞን ሸማ ተራ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው አባባል እዚያ ሰፈር አባባል ብቻ አይደለም፤ ገበያ ነው። መርካቶ ውስጥ ሰው ከሰው ትከሻ ጋር እየተጋፋ የሚሄድበት፣ ተሸካሚው «ዞር በሉ!» እያለ የሚሮጥበት ጊዜ ነው።

አባታችን እዚያው ሸማ ተራ ሱቅ ነበረው። ሰማያዊ ቮልስም ነበረችው። ሽሮ ሜዳ ሄዶ ከሸማኔዎች የተረከበውን ነጠላ፣ ጋቢና ቀሚስ የኋላ ወንበር ላይ እስከ ጣሪያ ይደረድራል። እኛ ልጆቹ ደግሞ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ፣ ከመስታወቱ ስር ያለችው ጉድጓድ ውስጥ እንታጨቃለን። ቮልስ ውስጥ ያደገ ሰው ያቺን ጉድጓድ ያውቃታል። የሞተሩ ሙቀት ጀርባችንን ያሞቀናል፣ ድምፁ ያስተኛናል። ከዚያ የተሻለ ቦታ ዓለም ላይ ያለ አይመስለንም ነበር።

ያኔ ያላወቅነው ነገር ግን ነበር። ከጋቢው ስር ባትሪ፣ ከጀርባችን ሞተር፣ ከፊታችን ደግሞ ቤንዚን ነበር።

ዛሬ ስለዚህ እናውራ። ቮልስን የመሰሉ አሮጌ መኪኖችን ለምን እንወዳለን? «አደገኛ ናቸው» የሚባለውስ እውነት ነው ወይስ ወሬ?

መጀመሪያ ትንሽ ታሪክ

ቮልስ የተነደፈችው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀርመን ውስጥ፣ በፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። «ቮልክስዋገን» ማለት «የህዝብ መኪና» ማለት ነው። በብዛት መመረት የጀመረችው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲሆን፣ የመጨረሻዋ ቮልስ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ፣ ፑዌብላ ከተማ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች።

እኛ ሀገር ደግሞ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥም ገብታለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አፄ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን ሲያወርድ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። በሮልስ ሮይስ ይሄዱ የነበሩ ንጉሥ በህዝብ መኪና የኋላ ወንበር ተቀምጠው ወጡ።

አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬ የምናያቸው አብዛኞቹ ቮልሶች የ1960ዎቹና የ70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስሪት ናቸው። ማለትም ከብዙዎቻችን ወላጆች ጋር እኩያ ናቸው።

ለምን ተወደደች?

አንደኛ፣ ራዲያተር የላትም። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በንፋስ ነው። እንጦጦን እየወጣችሁ ሌላው መኪና ኮፋኖውን ከፍቶ እንፋሎት ሲያስወጣ፣ ቮልስ ቱክ ቱክ እያለች ታልፈዋለች። ቀስ ብላ ነው የምታልፈው እርግጥ። የ1200ዋ ሞተር ጉልበት 34 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ከዚያችውም ላይ በግምት ከአምስት አንድ እጅ ያህሉን ያጣል።

ሁለተኛ፣ ቀላል ናት። ባትሪ ቢሞት ሁለት ሰው ገፍቶ ያስነሳታል። ሞተሯ በጥቂት ብሎን ተፈትቶ ከስር ይወርዳል። ኮምፒውተር የለም፣ ሴንሰር የለም። የጎደለውን ዕቃ ሶማሌ ተራ ትሄዳላችሁ፤ አዲሱ ባይገኝ ከሌላ ቮልስ የተፈታ አይጠፋም።

ሦስተኛ፣ የሚያስቁ ብልሃቶች አሏት። ለምሳሌ የብዙዎቹ ቮልሶች የመስታወት ማጠቢያ ውሃ የሚገፋው በስኮርታ ጎማው ንፋስ ነው። አዎ፣ ከጎማው በቀጭን ቱቦ ንፋስ ይመጣና ውሃውን ይረጨዋል! ቆየት ያሉት ደግሞ የነዳጅ ጌጅ የላቸውም። መኪናዋ መንተፋተፍ ስትጀምር አንዲት ማንሻ አዙራችሁ በመጠባበቂያው ቤንዚን ማደያ ትፈልጋላችሁ።

አራተኛ፣ ገንዘብ። እኛ ሀገር መኪና ቅንጦት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ተከለከለ። አዲስ ሲወደድ ያለው አሮጌ ዕድሜው ይረዝማል። ላዳም በዚሁ መንገድ ነው የኖረችው። ከጣሊያኑ ፊያት 124 ተወስዳ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ የተሠራችው መኪና፣ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብታ ስንቱን ሙሽራ፣ ስንቱን ወላድ አመላልሳለች።

እሺ፣ አደጋዋስ?

እዚህ ላይ ፍቅር ወደ ጎን ይቀመጥ። አንድ በአንድ እንያቸው።

*ቤንዚኑ ከፊት ነው።* ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የነዳጅ ታንኩ ከፊት ኮፋኖው ስር ተቀመጠ። በእናንተ ጉልበትና በቤንዚኑ መካከል ያለው ቆርቆሮ ነው። በዘመናዊ መኪና ፊት ለፊት ስትጋጩ መጀመሪያ የሚጨማደደው ባዶ ቦታና ሞተር ነው። በቮልስ ግን ከስኮርታ ጎማው ቀጥሎ ታንኩ ነው።

*መሪው ጦር ነው።* የድሮዎቹ ቮልሶች የመሪ ዘንግ ወጥ ብረት ነው። ከፊት ሲመቱ ዘንጉ ወደ ሹፌሩ ደረት ይመጣል። ተመትቶ የሚታጠፍ ዘንግ የመጣው ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ ነው።

*ቀበቶ የለም።* ዛሬ የምናውቀውን ባለሦስት ነጥብ ቀበቶ ቮልቮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1959 አስተዋወቀ። ብዙ አሮጌ ቮልሶች ግን ያለ ቀበቶ ነው የወጡት። የኋላ ወንበርማ ጭራሽ።

*የኋላ እግሯ ይታጠፋል።* የቆዩት ሞዴሎች የኋላ ጎማ ከሞተሩ አጠገብ ካለች አንዲት መገጣጠሚያ ላይ ነው የሚወዛወዘው። ኩርባ ላይ በፍጥነት ገብታችሁ በድንጋጤ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ፣ የኋላው አካል ከፍ ይልና ጎማው ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ክብደቱ ደግሞ አብዛኛው ከኋላ ነው። ውጤቱ መሽከርከር፣ ሲብስም መገልበጥ ነው። ለዚህ ነው ፋብሪካው የፊት ጎማ ንፋስ ከኋላው እንዲያንስ ያዘዘው። ጎሚስታው አራቱንም እኩል ሲሞላላችሁ ዝም ካላችሁ፣ ሳታውቁት አደጋውን እየጨመራችሁ ነው።

*እሳት።* ይሄ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የቤንዚን ቱቦ ነው። ጎማ ነገር ስለሆነ በሞተሩ ሙቀት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ቤንዚን ትኩስ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። የሞተሩ ቤት የማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነ አንዴ ከተቀጣጠለ ውሃ ያብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ሁለተኛው ባትሪው ነው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ስር ነው። ክዳኑ ከጠፋና ከላይ ከባድ ነገር ከተጫነ፣ የወንበሩ ስፕሪንግ የባትሪውን ጫፎች ነክቶ ብልጭታ ይፈጥራል። ወንበሩ የተሞላበት ነገር ደግሞ እንደ ገለባ ነው የሚነደው።

እስቲ የእኛን የጋቢ ክምር አስቡት።

*አንድ መስመር ፍሬን።* የድሮዎቹ ፍሬን ለአራቱም ጎማ አንድ የዘይት መስመር ነው ያለው። አንድ ቦታ ከቀደደ አራቱም ይሄዳል። ዛሬ የሚሠሩ መኪኖች ሁለት መስመር አላቸው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ያቆማችኋል።

ታዲያ ሌሎቹ መኪኖች ደህና ነበሩ?

አልነበሩም። ለቮልስ ፍትሐዊ እንሁን። እ.ኤ.አ. በ1965 ራልፍ ኔደር የሚባል አሜሪካዊ ጠበቃ ስለ መኪና ኩባንያዎች መጽሐፍ ጽፎ ሀገሩን አናወጠ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ያነሳው ሼቭሮሌት ኮርቬር የምትባለውን መኪና ነበር፤ እሷም እንደ ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የኋላ እግሯም ይታጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ እሱ ያቋቋመው የመኪና ደህንነት ተቋም ስለ ቮልስ ለብቻዋ አንድ መጽሐፍ አወጣ። ክርክሩ የፈጠረው ጫና ዛሬ የምናውቃቸውን የደህንነት ሕጎች እንዲመጡ ረድቷል። ስለዚህ ቮልስ የተለየች ክፉ አይደለችም፤ የዘመኗ ልጅ ናት። ችግሩ ዘመኗ አልፎ እሷ መንገድ ላይ መሆኗ ነው።

የእኛ ቀን

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

ልጆች ሳለን አንድ የጥር ጠዋት ነው። ገበያው ደርቷል። የፍሬኑ ፔዳል ከሳምንት በፊት ጀምሮ ለስለስ ብሎ ነበር። አባታችን «ጥምቀት ይለፍና ሶማሌ ተራ እወስዳታለሁ» ይላል። ከሽሮ ሜዳ ሸማ ጭነን ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል ስንወርድ ፔዳሉ ወለል ነካ። ምንም የለም። ባዶ።

እኛ ጉድጓዳችን ውስጥ ሆነን ያየነው የአባታችንን አንገት ነው። አልጮኸም። ማርሽ ቀነሰ፣ ሞተሩ አገሳ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያለ ሳበ፤ እሱ በሽቦ ስለሚሠራ ከዘይቱ ጋር አይገናኝም። ጎማውን ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር እያፋተገ ሄደና ቆመች። ከፊታችን አንዲት እናት ዘንቢል ይዘው መንገድ እያቋረጡ ነበር። በእሳቸውና በመኪናዋ መካከል የቀረው አንድ እርምጃ ነው። ዘንቢላቸውን አስቀምጠው «ተመስገን» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። አባታችን ግን ለረጅም ጊዜ መሪውን አልለቀቀም።

የተሰነጠቀችው አንዲት የፍሬን ዘይት ቱቦ ነበረች። ዋጋዋ የአንድ ጋቢ አይሞላም። ጥፋቱ የመኪናዋም፣ የሠራትም አልነበረም። «ነገ» ያልነው እኛ ነን።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው «አደጋው የራሴ ነው» ይላል። አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ሸማ ተራን አስቡ፤ ሸክም አንገቱን የሸፈነው ተሸካሚ፣ ልጅ ያዘለች እናት። እነሱ ቮልስ አልገዙም። ትዝታውም የእነሱ አይደለም።

ካላችሁ ወይም ልትገዙ ካሰባችሁ

• የፍሬን ቱቦና የፍሬን ዘይት ከሁሉ በፊት አስፈትሹ። ፔዳል ከለሰለሰ በዚያው ቀን ይታይ፤ የበዓል ገበያ አይጠበቅም።
• የቤንዚን ቱቦው ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ቀይሩት። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ አታስነሱ።
• የኋላ ወንበሩን አንስታችሁ ባትሪው ክዳን እንዳለው እዩ።
• ቀበቶ አስገጥሙ። ጎበዝ ባለሙያ ጠንካራ ብረት ላይ ያስረዋል፤ ዝገት ላይ የታሰረ ቀበቶ ጌጥ ነው።
• ወለሉን ከስር አስዩ። ቀለም ዝገትን ይሸፍናል እንጂ አያድንም።
• ዱቄት የሚረጭ እሳት ማጥፊያ ሹፌሩ እጁ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ።
• ቦሎ ተለጠፈ ማለት ዓመቱን ሙሉ ደህና ናት ማለት አይደለም። የተመረመረችው የዚያን ቀን ነው።
• ያቺ ጉድጓድ ለዕቃ ናት። ልጅ አይቀመጥባትም።

የመጨረሻዋ ከባድ መሆኗን እናውቃለን። ሰማያዊዋ ቮልስ ዛሬም አለች። ቀበቶ ተገጥሞላታል፣ ሸማ አትጭንም፣ እሁድ እሁድ ብቻ ትወጣለች። የታላቃችን ልጅ ባያት ቁጥር እዚያች ጉድጓድ ካልገባሁ ብሎ ያለቅሳል። እኛ ልባችን ይራራል፤ አባታችን ግን አይፈቅድም። ከፊት አስቀምጦ ቀበቶውን እራሱ ያስርለትና፣ ሁለት ጊዜ ፔዳሉን ረግጦ ይሞክራል። ከዚያ ነው ቁልፉን የሚያዞረው።

እናንተ ቤትስ የነበረችው የቷ ናት፣ ቮልስ ወይስ ላዳ? ለመጨረሻ ጊዜ ፍሬኗ የታየው መቼ ነው? አሮጌ መኪና የሚነዳ አባት፣ አጎት ወይም ጓደኛ ካላችሁ ይህን ላኩለት።