የካዛንቺስ ደላላና የዩኒቨርሲቲ መምህር

የካዛንቺስ ደላላ ቤቱን ከማሳየቱ በፊት ኮሚሽኑን ይነጋገራል። በሩን አንዴ ካሳየ ገዢው በጎን ዞሮ ከባለቤቱ ጋር ሊዋዋል ይችላል። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ኬኔት አሮው በ1962 እ.ኤ.አ. ስለ ዕውቀት የጻፉትም ይህንኑ ነው፦ ገዢው መረጃውን ሳያይ ዋጋውን አያውቅም፤ ካየው ደግሞ በነፃ ወስዶታል።

የዩኒቨርሲቲ መምህራኖቻችንም ከደላላው ብዙ አይለዩም። ይህ ጸሐፊ በተማረበት የትምህርት ክፍል አንድ መምህር ለዓመታት የለቀሙትን የእህል ዋጋ መረጃ ቆልፈውበት ነበር። ሥራ ሲለቁ መረጃው አብሯቸው ሄደ፤ የተተኩት ወጣት ከዜሮ ጀመሩ። ሰውየው ስስታም ነበሩ ለማለት ግን ያስቸግራል። የማዕረግ ዕድገት የሚያስገኘው በስም የታተመ ጽሑፍ ነው፤ ለባልደረባ የሰጡት ፋይል የትም አይቆጠርም። የማማከር ሥራው ሪፖርት ደግሞ የከፋዩ ድርጅት ንብረት ነው።

ኪሳራው የሚታወቀው ሰው ሲሄድ ነው። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 42 መምህራንን በአንድ ጊዜ አሰናበተ። ከነሱ አንዱ የሕክምና ፋኩልቲውን ካቋቋሙት መካከል የነበሩት የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ነበሩ። መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ቀሩ፤ በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ዳር ቆሞ ብቻ የሚለመደው ሙያ ግን አብሯቸው ወጣ።

ካዛንቺስም ይህን ቀምሳዋለች። ስሟ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው ቤቶች የመጣ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ በኮሪደር ልማት ሲነሳ፣ የትኛው ግቢ የማን እንደሆነና በስንት እንደሚከራይ በቃሉ የያዘ ደላላ ዕውቀቱ በአንድ ጊዜ ዋጋ አጣ። ማንም አልጻፈውምና።

እዚያው ቂርቆስ ውስጥ ግን የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ጥናቶቹን ለማንም ክፍት ያደርጋል። የዚያ ባለሙያ ደመወዝ የሚከፈለው ለመጻፉ ነው። በእኛም በኩል በ2019 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ የዩኒቨርሲቲ ጥናት ለሁሉም ክፍት እንዲሆን የሚጠይቅ ፖሊሲ ወጥቷል። በግል ድርጅት ገንዘብ የሚሠራው ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ ጉዳዩ አንባቢያችንን የሚነካውም እዚህ ላይ ነው። አንዱ አስመጪ ያስጠናውን ገበያ ሌላው እንደገና ከፍሎ ያስጠናል፤ አንዳንዴም ያንኑ መምህር።

ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ቢጨመር ምን ይጎዳል? ከሁለት ዓመት በኋላ ጥሬ መረጃው ለትምህርት ክፍሉ ይግባ። «ተፎካካሪዬ ይጠቀምበታል» የሚል ይኖራል። የሁለት ዓመት ዋጋ ግን መርካቶ ቢወስዱት የሚገዛው የለም።