የጫኖ ሙዝ የኪራይ ቤት ሲሠራ

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ የሚገኙት ጫኖ ሚሌ፣ ጫኖ ዶርጋና ጫኖ ጫልባ ስማቸው ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው ሙዝ ነው። ከሙዝ ሽያጭ የተረፈውን ብር ምን ላይ ላውለው ለሚል ገበሬ ቅርብ ሆኖ የሚታየው መልስ ደግሞ አርባ ምንጭ ላይ የሚከራዩ ክፍሎችን መሥራት ነው። ዩኒቨርሲቲው አለ። በ2015 ዓ.ም ክረምት የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልልም ቢሮዎቹን ካከፋፈለባቸው ከተሞች አንዷ አርባ ምንጭ ናት። ቤት ጡረታ ነው ይባላል። ጡረታው እጅ የሚገባው ግን ወጪው ሁሉ ከተነሳለት በኋላ ነው።

እስቲ እናስላው። አኃዞቹ ለምሳሌ የቀረቡ ስለሆኑ አንባቢ በራሱ ቁጥር ይተካቸው። 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር የፈጁ ስድስት ክፍሎች እያንዳንዳቸው በወር 2,000 ብር ቢከራዩ በዓመት 144,000 ብር ያስገባሉ። ይህም ከወጣው ገንዘብ 9.6 በመቶ ነው። ቡና ላይ የሚወራው ይህ ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ተቀናሹ እንምጣ። ሦስቱን ክፍሎች የያዙት ተማሪዎች ቢሆኑና ክረምት ሲገባ ለሁለት ወር ባዶ ቢቀሩ 12,000 ብር ይጎድላል። ቀለም፣ ቁልፍ፣ ቧንቧ፣ የመጸዳጃ ቤት ማስመጠጫ ሲደመር በዓመት የአንድ ወር ኪራይ፣ ማለትም ሌላ 12,000 ብር ቢበላ አይገርምም። ግድግዳው የእንጨትና የጭቃ ከሆነ በቆላው ምስጥ ምክንያት ከዚህም ይብሳል። ጫኖ ተቀምጦ ሲከላ ወይም ሴቻ ያለን ግቢ መጠበቅ ስለማይቻል ለጠባቂ በወር 1,500፣ በዓመት 18,000 ብር ይያዝ። ደላላውስ? የተለመደው ክፍያ ከመቶ አሥር ነው። ከአንድ ወር ኪራይ ይሁን ከጠቅላላው ቅድመ ክፍያ የሚለው ግን ቀድሞ ካልተነገረ ጭቅጭቅ ያመጣል። ከአንድ ወር ኪራይ ታስቦ ስድስቱም ክፍሎች በዓመት አንዴ ተከራይ ቢለውጡ 1,200 ብር ነው።

የቀረው 100,800 ብር፣ ወይም 6.7 በመቶ ገደማ ነው። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። ያለ ጠባቂና ያለ ምስጥ የሚገኝ 7 በመቶ! እርግጥ ዋጋ ሲንር ባንክ ያለ ብር ይሟሟል፣ ቤት ግን ዋጋው አብሮ ይወጣል። ነገር ግን ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ ያ ጭማሪ የልጅ ትምህርት ቤት አይከፍልም።

ግብሩን ገና አልነካንም። በ2008 ዓ.ም የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የሒሳብ መዝገብ ለማይዝ አከራይ የኪራዩን ግማሽ ለጥገናና ለእርጅና ተቀናሽ አድርጎለት ነበር። መዝገብ የሚይዝ ደግሞ ወለድንና መድንን ጨምሮ በደረሰኝ ያስቀንሳል። ይህ አዋጅ በ2017 ዓ.ም ስለተሻሻለ መሠረት ከመጣሉ በፊት ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ ይገባል። በጥር 2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም ሌላ ተቀናሽ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቅድመ ክፍያ ሰብስቤ ግንባታውን እጨርሳለሁ የሚልም፣ በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበልን እንደሚከለክል ይወቅ። በክልል ከተሞች አዋጁ የሚሠራው ክልሉ በሚሰይማቸው ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ቆጣሪን ነው። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም የሚጨምርበት ነው። ስድስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም በከፍተኛው እርከን ይከፍላል። መብራት ከኪራዩ ጋር ተደምሮ ከሆነ ደግሞ ከፋዩ አከራዩ ነው። ለየክፍሉ ቆጣሪ ማስገባት መጀመሪያ ላይ ወጪ ቢኖረውም በየወሩ ከሚነሳው ክርክር ያድናል።

ስሌቱን በእጅጉ የሚለውጠው የግንባታው ወጪ ነው። ያው ቤት በ1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ቢያልቅ የተጣራው 100,800 ብር 8.4 በመቶ ይሆናል።