መሪው ሲከብድ መጀመሪያ የሚለካው

አዲስ አበባ ውስጥ ቶዮታ ቪትዝ የሚነዳ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሞተር ሲነሳ መጥፋት የነበረባት የመሪ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በርታ ትቀራለች፤ መኪናውን ለማቆም ሲጠመዝዝ መሪው አልዞርም ይለዋል። ጋራዥ ሲደርስ ኮምፒውተር ተሰክቶ አንድ ኮድ ይነበባል፤ ወዲያው “መሪው ከነኤሌክትሪክ ሞተሩ ይቀየር” ይባላል። ባለቤቱም ሱማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ዕቃ በብዙ ብር ገዝቶ ይመጣል። ከዚህ ወጪ በፊት በአንድ ቴስተርና በግማሽ ሰዓት የሚሠራ ሥራ አለ፤ መታለፉ ያናድዳል።

የዚህ ዓይነቱ መሪ ዘይትም ፓምፕም የለውም። የሚያግዘው ዳሽቦርዱ ሥር፣ የመሪው ዘንግ ላይ የታሰረ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። አሠራሩን በመኪና ላይ በማውጣት ቀዳሚው በ1988 (እ.ኤ.አ.) የቀረበው ሱዙኪ ሰርቮ ነበር። ዘንጉ መሃሉ ላይ ጥቂት ዲግሪ የሚጠመዘዝ ቀጭን ብረት አለው። ነጂው መሪውን ሲያዞር ብረቱ ይጠመዘዛል፤ ሴንሰር የጥምዘዛውን መጠን ያነባል፤ የመሪው ኮምፒውተርም ያንን ከመኪናው ፍጥነት ጋር አገናዝቦ ለሞተሩ የሚሰጠውን ኮረንቲ ይወስናል። መኪናው ሲቆም ብዙ፣ ሲፈጥን ጥቂት። ሰፈር ውስጥ በአንድ እጅ የሚዞር መሪ አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ጠንከር ቢል ታስቦ የተደረገ ነው። ጠባብ ቦታ ላይ መሪውን ጥግ ድረስ ደጋግሞ የጠመዘዘ ሰውም ሲከብደው አይደንግጥ፤ ኮምፒውተሩ የጋለውን ሞተር ለመጠበቅ እገዛውን ቀንሶ ነው፤ አሥር ደቂቃ ያህል ሲያርፍ ይመለሳል።

ዋናው ጉዳይ ኮረንቲው ነው። በቆመ መኪና ላይ ጎማ ሲዞር ይህ ሞተር በአስር የሚቆጠር አምፔር ይስባል። እንዲህ ባለ ጭነት የዛገ ብሎን ወይም የላላ የባትሪ ማሰሪያ ብቻውን መሪውን ያሰናክላል። ሒሳቡን እንየው፦ አንድ መጋጠሚያ ላይ 0.05 ኦህም ተቃውሞ ቢኖር ተራ ቴስተር ከዜሮ አይለየውም፤ 50 አምፔር ሲያልፍበት ግን 2.5 ቮልት ይበላል። 12.5 ቮልት ያለው ባትሪ ለመሪው 10 ብቻ አደረሰ ማለት ነው። ኮምፒውተሩም መብራቷን አብርቶ እገዛውን ሊያቋርጥ ይችላል። መብራት፣ ሬዲዮና ጥሩንባ በደንብ ስለሚሠሩ ባትሪውንም ሽቦውንም የሚጠረጥር የለም።

ስለዚህ መለካት ያለበት መሪው ሥራ ላይ እያለ ነው። የመኪናው ሞተር ይነሳ፤ ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ካልተገኘ መጀመሪያ ዲናሞው ይታይ። ቀጥሎ የቴስተሩ ጥቁር እግር የባትሪው ኔጋቲቭ ምሰሶ ላይ ይሁን፤ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ። ቀዩ እግር የመሪው ኮምፒውተር ኔጋቲቭ ሽቦ ከቦዲው ጋር የታሰረበት ብሎን ላይ ይሁን። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መሪውን ጥግ ለጥግ ያዙር። ቁጥሩ ከ0.2 ቮልት ካለፈ ችግሩ በሁለቱ እግሮች መካከል ነው፤ ብሎኑ ተፈትቶ፣ ቀለሙና ዝገቱ ተፍቆ ይታሰር። በፖዘቲቩ በኩልም እንዲሁ ይደረግ፤ እዚያ ከግማሽ ቮልት በላይ ከጠፋ ትልቁ ፊውዝ የተቀመጠበት ቦታና ሶኬቱ ይታዩ። የጠቆረ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ ከተገኘ በዚያ በኩል የላላ ነገር አለ።

መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ከሆነ ፍለጋው ከዚያው ይጀምር። መሪው ሲዛወር ሽቦው ብዙ ጊዜ ይቀጠላል፤ ተጠምዝዞ በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ ቅጥል ዓመት ሁለት ዓመት ሠርቶ ክረምት ሲገባ ይዝጋል። ቅጥሉ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ስለሚሆን የሚያየው የለም።

ኮዱም ቢሆን የት መፈለግ እንዳለብን ይጠቁማል እንጂ ምን እንደሚቀየር አይናገርም። በቶዮታ ሲ1551 ስለ ኮምፒውተሩ የኮረንቲ አቅርቦት ነው፤ ሲ1541 የፍጥነት መረጃ አልደረሰኝም ማለቱ ነው፤ ያኔ የፍጥነት መቁጠሪያው ይሠራ እንደሆነ ማየት ነው። ከሲ1511 እስከ ሲ1514 ያሉት የጥምዘዛውን ሴንሰር ይመለከታሉ። ሴንሰሩ ሁለት ምልክት ይልካል፤ ማንም መሪውን ሳይነካ ሁለቱም ብዙውን ጊዜ 2.5 ቮልት አካባቢ ይቆማሉ፤ መሪው ሲዞርም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ሲ1513 የሚመጣው ሁለቱ ሲለያዩ ነው። ሁለቱ መለያየታቸው በቴስተር ከታየና ሶኬቱና ሽቦው ንጹሕ ሆነው ከተገኙ ሴንሰሩን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ የዚያን ጊዜ ለዕቃው የሚወጣው ብር አያስቆጭም።

ከተቀየረ ደግሞ የመሪው ኮምፒውተር የአዲሱን ሴንሰር ዜሮ ነጥብ መማር አለበት። ጎማዎቹ ቀጥ ብለው፣ መኪናው ቆሞ፣ ማንም መሪውን ሳይነካ በጋራዡ ኮምፒውተር ይስተካከላል። ይህ ሲዘለል ሲ1515 ይመጣል፤ ዜሮ ነጥቡ ተዛንፎ ከተያዘም መሪው በአንድ በኩል ቀሎ በሌላው ይከብዳል። ባለቤቱም ጎማ ማመጣጠኛ ቤት እየተመላለሰ ይከፍላል፤ ጎማው ግን ምንም አልሆነም።